የበጎ ፈቃድ ሰዓት ከደብተር ወደ ኮሌጅ ማመልከቻ፦ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ

ጥያቄው ብዙ ቤት የሚነሳው ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። «ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርሽው ስንት ሰዓት ሆነ?» የጻፈው የለም። እናት «ኧረ በየሳምንቱ ነበር!» ትላለች። ልጅ ሁለት ሰዓትን በ52 ሳምንት ታባዛለች፣ 104 ይመጣል፤ በአራት ዓመት ስታባዛው 416። 416 ደግሞ ጎዶሎ ይመስላልና 450 ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ቤት ልዋሽ ብሎ የተነሳ ሰው የለም፤ የተጻፈው ቁጥር ግን የእውነተኛው ሦስት እጥፍ ነው። እንዴት ሦስት እጥፍ እንደሆነ ወረድ ብለን ቅዳሜ በቅዳሜ እንቆጥረዋለን።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው፤ ልጁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑር አዲስ አበባ። የምንለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰዓት ከደብተር ወደ ፎርም ይሄዳል እንጂ ፎርም ላይ የሚያምር ቁጥር ተመርጦ ደብተር አይሠራለትም።

ፎርሙ የሚጠይቀው

ኮመን አፕ፣ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ ለእንቅስቃሴዎች የሚሰጠው ቦታ ቢበዛ 10 ነው። ለእያንዳንዱ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፣ የነበራችሁን ኃላፊነት በ50 ፊደል፣ የድርጅቱን ስም በ100፣ የሠራችሁትን ሥራ በ150 ፊደል ትጽፋላችሁ። ቀጥሎ ስንተኛ ክፍል ሳላችሁ እንደሠራችሁት፣ በትምህርት ወቅት ነው ወይስ በዕረፍት፣ ከዚያ በሳምንት ስንት ሰዓትና በዓመት ስንት ሳምንት እንደሆነ ይጠይቃል። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል። «ጠቅላላ ሰዓት» የሚል ሳጥን የለም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ድምሩን የሚያይ ያለ አይመስለውም። አንባቢው፣ ማለትም ማመልከቻውን የሚያየው የኮሌጁ ሠራተኛ፣ ግን ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ፣ ምልክት ባደረጋችሁባቸው ዓመታት ቁጥር ደግሞ ሲያባዛ ያገኘዋል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲ የሚባለው፣ የራሱ ማመልከቻ አለው። እስከ 20 ነገር መዘርዘር ይቻላል፤ መግለጫው እስከ 350 ፊደል ይፈቅዳል፤ በጎ ፈቃድም ለብቻው ምድብ አለው። ዩሲ አመልካቾችን በዘፈቀደ እየመረጠ የጻፉትን በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ደብዳቤው በኢሜይል ነው የሚመጣው፤ በተባለው ቀን ያልመለሰ ተማሪ ማመልከቻው ሊሰረዝበት ይችላል። ኢሜይሉን ካልፈለጋችሁት ማስታወቂያ መካከል አታጡት።

ኮመን አፕ መጨረሻ ላይ የሚፈረመው ቃል ደግሞ ቀላል አይደለም። ያቀረብኩት ሁሉ እውነት ነው፣ በቅንነት ነው ያቀረብኩት፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የተሰጠኝ ቅበላ ሊሰረዝ፣ ከገባሁ በኋላ ልባረር፣ ዲግሪዬም ሊነጠቅ እንደሚችል አውቃለሁ ማለት ነው። ይህን የሚፈርመው ተማሪው ነው። ፎርሙን የሞላው ታላቅ ወንድም፣ ኤጀንት ወይም የታወቀ አማካሪ አይፈርምም፣ አይጠየቅምም።

ደብተሩ

ተራ ደብተር ይበቃል፤ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትም ይሆናል። ስድስት ዓምድ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ በዕለቱ ኃላፊ የነበረው ሰው፣ ደቂቃ። ቦታውንና ኃላፊውን እዚህ ብንተወው፣ የአንድ ወር ገጽ ይህን ይመስላል፦

ቅዳሜ ኦክቶበር 5፣ ከ10፡00 እስከ 11፡50፣ 7 ልጆች፣ ከ«ለ» እስከ «ሠ» ንባብ፣ 110 ደቂቃ።
ቅዳሜ ኦክቶበር 12፣ አልመጣሁም፣ የሒሳብ ፈተና፣ 0።
ቅዳሜ ኦክቶበር 19፣ ከ10፡00 እስከ 12፡15፣ ሌላው አስተማሪ ስለቀረ ሁለት ክፍል አንድ ላይ፣ 135 ደቂቃ።
ቅዳሜ ኦክቶበር 26፣ አዳራሹ ለሠርግ ተይዟል፣ ትምህርት የለም፣ 0።

ዜሮዎቹን አትዝለሉ። ዜሮ የሌለበት የዓመት መዝገብ በአንድ ማታ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜም ነው።

በደቂቃ መጻፉ ምክንያት አለው። 1፡30ን «1.3 ሰዓት»፣ 1፡50ን «1.5 ሰዓት» ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የመጀመሪያው 1.5 ነው፣ ሁለተኛው ከ1.8 ይበልጣል። ደቂቃውን ደምሩና መጨረሻ ላይ በ60 አካፍሉ። ስህተቱ አንዳንዴ የተማሪውን ሰዓት የሚቀንስ መሆኑም አይረሳ፤ በትክክል መጻፍ ሁልጊዜ ማሳነስ አይደለም።

የዝግጅት ጊዜ ይቆጠራል ወይ? በእርግጥ ከሠራችሁት ይቆጠራል፤ ግን ለብቻው መስመር ስጡት። የፊደል ካርድ ስትቆርጡ 40 ደቂቃ ከፈጀ 40 ደቂቃ ጻፉ። «ለየክፍለ ጊዜው አንድ ሰዓት ዝግጅት» ብሎ በጅምላ መጨመር ግን ድምሩን ሳታስቡት በግማሽ ያሳድገዋል። የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ትራፊክ፣ አንድ ሰዓት መንዳት አድካሚ ነው፤ አገልግሎት ግን አይደለም።

ደብተር ሳይያዝ ዓመታት ካለፉ

አብዛኛው ሰው ያለው እዚህ ነው፤ ተስፋ አያስቆርጥም። ስልክ ላይ ያሉ ፎቶዎች ቀን አላቸው። የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድኑ «ነገ ትምህርት የለም፣ በረዶ ነው» የተባለበትን ቀን ያስታውሳል። ፉድ ባንኮች፣ ለችግረኞች ምግብ የሚያድሉት፣ በጎ ፈቃደኞች ሲመዘገቡ የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካሉ። አስተባባሪዋ ዘንድ የስም መጥሪያ ወረቀት ይኖራል። እነዚህን ይዛችሁ ካሌንደር ፊት ለፊት ተቀመጡና ቅዳሜ በቅዳሜ ቁጠሩ።

ያቺን ልጅ እንውሰድ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዓመት ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ 38 ቅዳሜ አለው እንበል። ሁለቱ በክረምቱ ዕረፍት ዝግ ነው፤ አንዱ የታንክስጊቪንግ ሳምንት፤ አንዱ ቅዳም ሹር፤ ሁለቱ በረዶ፤ አንዱ ያ ሠርግ። 31 ቀረ። ራሷ አራት ጊዜ ቀርታለች። 27 ሆነ። በሁለት ሰዓት ሲባዛ 54 ሰዓት ነው፤ «በየሳምንቱ ነበር» በሚለው ሒሳብ 104 የተባለው ይኸው ነው። እናትየው አልዋሸችም፤ «በየሳምንቱ» ማለት በአማርኛችን «ብዙ ጊዜ» ማለት ነው። ፎርሙ ግን ቋንቋውን አያውቅም፣ 52 ነው የሚያነብበው።

ከዚህ በኋላም እርግጠኛ ያልሆናችሁባቸው ቀናት ይኖራሉ። ወደ ታች አድርጉት። መገመት አልተከለከለም፤ ፎርሙ የሚፈልገው አማካይ ስለሆነ ደቂቃ በደቂቃ ማንም አይጠብቅም። ግምቱ ግን ሰው «እንዴት እዚህ ቁጥር ላይ ደረስሽ?» ቢላት ልጅቷ ካሌንደር ላይ እየጠቆመች የምታስረዳው መሆን አለበት።

ዓመታቱ እኩል ካልሆኑ

ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው፤ ዓመታቱ ግን አይመሳሰሉም። ልጅቷ ማስተማር የጀመረችው 9ኛ ክፍል ፌብሩዋሪ ላይ ከሆነ ያን ዓመት የነበራት 12 ሳምንት ነው። 10ኛ ክፍል 27፣ 11ኛ ክፍል 29። ድምሩ 68፤ ለሦስት ሲካፈል 22 ከምናምን። 22 ይጻፋል። አንባቢው 2 ሰዓት በ22 ሳምንት በ3 ዓመት ሲያባዛ 132 ያገኛል፤ እውነተኛው 136 ነው። አራት ሰዓት ጠፋባት፤ ምንም አይደለም። ከሦስቱ ዓመታት ትልቁን፣ 29ን፣ ብትጽፍ ግን 174 ይመጣል። በጣም የሚዘወተረው ስህተት ይኸኛው ነው፤ ጎበዝ የነበርንበትን ዓመት የሁሉም ዓመት አድርጎ መጻፍ።

12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ማመልከቻው የሚገባው ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ነው። ሥራው ከቀጠለ፣ ፕሮግራሙም ወጥቶ ካለ፣ 12ኛን ምልክት ማድረግ ትክክል ነው፤ 22 ሳምንት እስከ ጁን ሊደረስበት ይችላልና። ሴፕቴምበር ላይ ካቆመች ግን 12ኛን አትንካው። የልጅቷ ሒሳብ እስከ ማመልከቻው ቀን ሲደመር፣ በ12ኛ ክፍል የሄደችባቸው 7 ቅዳሜዎች ተጨምረው፣ 75 ቅዳሜ ማለትም 150 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ 450 የተባለው እሱ ነው።

ሌላው ወጥመድ የበጋ ካምፕ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 2 ሰዓት ያስተማረ ልጅ በጁላይ ለሁለት ሳምንት በየሳምንቱ 20 ሰዓት ካምፕ ላይ ረድቷል። «20 ሰዓት፣ 29 ሳምንት» ብሎ ከሞላ 580 ሰዓት ሆነ፤ አንባቢው ቅንድቡን ያነሳል። ትክክለኛው መንገድ ጠቅላላውን መደመር ነው፦ 27 ሳምንት በ2፣ 54፤ 2 ሳምንት በ20፣ 40፤ ድምር 94 ሰዓት በ29 ሳምንት። ለ29 ሲካፈል 3 ከምናምን ነው፤ 3 ሰዓት፣ 29 ሳምንት ይጻፋል። ባዶ ቦታ ካላችሁ ካምፑን ለብቻው፣ በዕረፍት ወቅት ብሎ፣ 20 ሰዓት 2 ሳምንት ማድረግ ይበልጥ ግልጽ ነው።

አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራም እንዲሁ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 4 ሰዓት ፉድ ባንክ የሄደ ሰው «4 ሰዓት፣ 3 ሳምንት» ይጽፋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነውም። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ትንንሽ ሥራዎች ካሉ በአንድ ቦታ ጠቅልሎ መጻፍ አስሩን ቦታ ለመሙላት ከመበታተን ይሻላል። አስሩ የግድ መሞላት የለበትም።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤት

ከሁሉ የበለጠ የሚያከራክረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ልጆች ብዙው አገልግሎታቸው ከቤትና ከሃይማኖት ቦታ አይወጣም። መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። ትምህርት ቤት ለምርቃት የሚጠይቀው ሰዓት አንድ ነው፤ ለኮሌጅ የሚጻፈው ሌላ ነው። ሜሪላንድ ለምርቃት 75 ሰዓት ኤስኤስኤል (የተማሪዎች የአገልግሎት ትምህርት) ትጠይቃለች፤ ዋሽንግተን ዲሲ 100 ሰዓት፤ ቨርጂኒያ ለሁሉም ተማሪ የሚሆን እንዲህ ያለ የስቴት ግዴታ የላትም። በሜሪላንድ ከ75ቱ የተወሰነው ክፍል ውስጥ፣ ከትምህርቱ ጋር የሚገኝ ስለሆነ የትምህርት ቤቱን ድምር እንዳለ ገልብጦ «በጎ ፈቃድ» ብሎ ለኮሌጅ መጻፍ ትክክል አይደለም። በሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ለኤስኤስኤል የሚያዘው አገልግሎት ሃይማኖታዊ ይዘት የሌለው መሆን አለበት። ቅዳሴ ላይ ማገልገል ለ75ቱ አይያዝም። ኮመን አፕ ላይ ግን ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ የሚል ራሱን የቻለ ዓይነት አለና እዚያ በክብር ይገባል። ለምርቃት አልተያዘልኝም ብሎ ከኮሌጁ ማመልከቻ መተው ዲያቆን የሆኑ የብዙ ልጆች ጥፋት ነው።

መስመሩ በማገልገልና በመገኘት መካከል ያልፋል። እሁድ ጠዋት ያስቀደሰ አልሠራም፤ የቀደሰ ዲያቆን ሠርቷል። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ አዳራሽ የተጠጣው ሻይ አይገባም። የፋሲካ ሌሊት ረጅም ነው፤ ያገለገሉበትን ያህል ይጻፍ፣ ያሸለቡበት ይቀር። የመዝሙር ልምምድ እንቅስቃሴ ነው፣ በመዝሙር ወይም በሃይማኖት ዓይነት ይገባል፤ በጎ ፈቃድ ተብሎ አይጠራም። ሳህን ማጠብ፣ ወንበር መደርደር፣ አዳራሽ መጥረግ፣ አረጋውያንን በመኪና ማመላለስ፣ ሕፃናትን መጠበቅ በጎ ፈቃድ ነው። መስጊድ ውስጥ በረመዳን ኢፍጣር ማዘጋጀትና ማደል ይቆጠራል፤ ተቀምጦ ማፍጠር አይቆጠርም። ሕፃናትን ቁርኣን ማስቀራት ልክ እንደ ፊደል ማስተማር ነው።

አንድ ሰዓት አንድ ቦታ ብቻ ይኖራል። ቅዳሜ ከ10 እስከ 12 አስተማሪ ተብሎ የተመዘገበ ልጅ በዚያው ሰዓት የወጣቶች ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ሌላ ሳጥን ውስጥ መታየት የለበትም።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ ሰው ስለማይቆጥረው እንነጋገርበት። እናትን ሐኪም ቤት ወስዶ ማስተርጎም፣ የኢንሹራንስና የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ማንበብ፣ ከትምህርት ቤት ታናናሾችን አምጥቶ ማብላት፣ አያትን መጠበቅ፤ እነዚህ በጎ ፈቃድ አይደሉም፣ ነን ማለትም አያስፈልጋቸውም። ኮመን አፕ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ዓይነት አለው። በዚያ ስር በትክክለኛ ሰዓታቸው ይጻፉ፦ ሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ3፡30 እስከ 6፡00 ወንድሜን እጠብቃለሁ ቢባል በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ 12 ይጻፋል። ይህን ደብቆ በምትኩ ያልተሠራ የ200 ሰዓት በጎ ፈቃድ የሚፈጥር ልጅ ሁለቴ ይከስራል፦ እውነተኛውን አላሳየም፣ ያሳየውም እውነት አይደለም።

አባት ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ካለው፣ ያለ ክፍያ መርዳትም የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። «በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ» ብሎ ማስጌጥ ግን፣ ለትርፍ የሚሠራን ሱቅ በጎ አድራጎት ማድረግ ነው። የተከፈለ ሥራ፣ በእጅ ቢሆንም፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ሥራ ነው። ሠርግ ቤት ማስተናገድና ለቅሶ ቤት ድንኳን መትከል ባህላችን ነው፤ ለድርሰት ጥሩ ጉዳይ ይሆናል እንጂ የሰዓት መዝገብ አይገባም።

ፈራሚው

ደብዳቤ ወይም ፎርም የሚፈርመው ሥራውን ሲሠራ ያየ ሰው ነው፤ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ባይሆን ይሻላል። አጎት የቦርድ ሊቀመንበር ቢሆንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን የምትመራው አስተባባሪ ትፈርም። የንስሐ አባት ፊርማ ያከብራል፤ ነገር ግን በጥምቀት ብቻ የሚያዩት ልጅ 27 ቅዳሜ ማስተማሩን እንዴት ይመሰክራሉ?

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ የተማሪው ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ሠራ፣ ስንት ሰዓት፣ ይህም ከምን እንደተወሰደ (ከስም መጥሪያ፣ ከተማሪው ደብተር)፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክና ኢሜይል። ማህተም ቢኖር አይከፋም፤ አሜሪካዊው አንባቢ ግን ከማህተሙ ይልቅ የሚደወልበትን ቁጥር ነው የሚያየው። ኮመን አፕ የእንቅስቃሴ ክፍሉ ላይ ሰርተፊኬት መስቀያ የለውም፤ ኮሌጁ ካልጠየቀ አትላኩ። በአንድ ፎልደር ከደብተሩ ጋር ተቀምጦ ይቆይ።

ለፈራሚዎችም አንድ ነገር። ባዶ ፎርም አትፈርሙ። እናት «ልጅህ ማለት ነው፣ 200 በልለት» ስትል እምቢ ማለት በእኛ ይከብዳል፤ ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ ይዘጋጅ። «ያየሁትን 27 ቀን ደስ ብሎኝ እፈርማለሁ፤ ሌላውን ያየ ሰው ይፈርምለት» ማለት ማንንም አያስቀይምም። የአንድ ልጅ የተጋነነ ሰዓት ጉዳቱ ለሌሎቹም ይተርፋል። ብዙ ኮሌጅ አንባቢዎቹን በአካባቢ ነው የሚመድበው፤ የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ፋይል አንድ ሰው እጅ ይገባል። ከአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ክፍል፣ አንዷ 54 ሰዓት ሌላው 400 ብሎ ከጻፈ ሁለቱም ይጠረጠራሉ።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ላይ የተሰማራ ተማሪ ብዙ ነው፦ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ ችግኝ ተከላ፣ ለታናናሽ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ትምህርት። ከወረዳው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 በንቃት ተሳትፏል» ይላል፤ ሰዓት የለውም። አደጋው እዚህ ነው። 60 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 480 ይሆናል። ልጁ የሄደው ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ በሳምንት 9 ሰዓት፣ 8 ሳምንት፣ 72 ሰዓት ነው። የምስክር ወረቀቱ የተሳትፎውን ዘመን እንጂ መጠኑን አይመሰክርም፤ አስተባባሪውን ቀናቱና ሰዓቱ የተጠቀሱበት አጭር ደብዳቤ ጠይቁት።

ቀኖቹ ይቀየሩ። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ ነሐሴ 30 ሴፕቴምበር 5። ዓመተ ምህረቱን ሳይቀይሩ የሚጽፉ ስላሉ አንባቢው ልጁ የሰባት ስምንት ዓመት ሕፃን ሳለ ያገለገለ ይመስለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ደብተር ላይ «ከ3 እስከ 6» ያለው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 እስከ 12 ነው። ልዩነቱ ያው ሦስት ሰዓት ነው፤ ግን ደብዳቤ ላይ ሳይቀየር ከተተወ ሌሊት ዛፍ ሲተክል ያደረ ይመስላል። በ10ኛና በ11ኛ ክፍል መካከል ያለ ክረምት ለየትኛው ክፍል እንደሚቆጠር አንድ ደንብ ያዙና ለሁሉም እንቅስቃሴ በዚያው ተጠቀሙ።

150ው ፊደል

ቁጥር በሰዓት ሳጥን ብቻ አይጋነንም። «500 ቤተሰብ መገብኩ» የሚለው የድርጅቱ ሥራ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ካርቶን ማሸግ ከነበረ እሱን ጻፉ። ሦስት ጓደኞች ሁለት ጊዜ የተሰበሰቡበትን ነገር «መሥራችና ፕሬዚዳንት» አትበሉት። እንግሊዝኛ ላይ «መራሁ»፣ «አደራጀሁ»፣ «ረዳሁ» የሚሉት ግሦች የተለያየ ነገር ይመሰክራሉ፤ ረዳት የነበረ «ረዳሁ» ይበል። ከ«ማኅበረሰቤን የለወጥኩ ወጣት መሪ» ይልቅ «ከ6 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ 7 ልጆች ፊደል አስተምራለሁ፤ የንባብ ካርድ እሠራለሁ፤ ሦስቱ አንቀጽ ማንበብ ጀምረዋል» የሚለው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ በ150 ፊደል ይገባል፣ ቃለ መጠይቅ ላይም አያሳፍርም።

ከመላክ በፊት አንድ ፍተሻ አድርጉ። በትምህርት ወቅት የምትሠሩትን ሁሉ የሳምንት ሰዓት ደምሩ፦ ስፖርት 15፣ የተከፈለ ሥራ 12፣ ወንድም መጠበቅ 12፣ ሰንበት ትምህርት ቤት 2። 41 ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ በቀን 8 ሰዓት ከተኛችሁ 56፣ ትምህርት ቤት 35 ያህል፣ የቀረው 77 ነው። ከዚያ ላይ 41 ሲነሳ ለቤት ሥራ፣ ለመንገድ፣ ለምግብና ለቅዳሴ 36 ይተርፋል። ይቻላል፣ ግን ጠባብ ነው። 60 ከደረሰ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል፤ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

ተልኮ ካለቀ በኋላ ስህተት ቢገኝ

ለተላከበት ኮሌጅ ፎርሙን ከፍቶ ማረም አይቻልም፤ ገና ላልተላከባቸው ኮሌጆች ግን ቁጥሩን አስተካክሎ መላክ ይቻላል። ለተላከበት ለቅበላ ቢሮው በኢሜይል ወይም በፖርታሉ ይጻፍ፤ የሚጽፈውም ተማሪው ራሱ ነው፣ ወላጅ አይደለም። አራት መስመር ይበቃል፦ ስምና የማመልከቻ ቁጥር፤ የትኛው እንቅስቃሴ፤ የተጻፈው «2 ሰዓት፣ 52 ሳምንት»፣ ትክክለኛው «2 ሰዓት፣ 22 ሳምንት» መሆኑ፤ ስህተቱ ዝግ የነበሩ ሳምንታት ባለመቀነሳቸው መድረሱ። ረጅም ይቅርታና የቤተሰብ ታሪክ አያስፈልግም። ለትምህርት ቤቱ ካውንስለርም (የተማሪዎች አማካሪ) ንገሩ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ የድሮውን ቁጥር እንዳይደግሙት።

ከዚያ የስኮላርሺፕ ፎርሞቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ሰዓት በቀጥታ ይጠይቃሉ፤ በኦክቶበር ተሞልተው የተረሱ፣ 450 የተጻፈባቸው እነሱ ናቸው።